አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ያንን የሻርክ ፊልም ያላየ ሰው አለ? በ1975 ስቲቨን ስፒልበርግ የሠራውን ማለቴ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱንም ወሩንም የምጠራው በፈረንጆቹ ነው፤ ነገሩ የእነሱ ነውና።) እኛ ያየነው በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ነው። ሻርኩ ብቅ ባለ ቁጥር ቤቱ በጩኸት ይናጋል። መሀል ላይ ግን ሁሉም ጸጥ የሚልበት አንድ ቦታ አለ። ሌሊት ነው። ሦስት ሰዎች ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ይጠጣሉ፤ ዓሣ አጥማጁ ክዊንት በወጣትነቱ የደረሰበትን ያወራል። ኢንዲያናፖሊስ የምትባል የጦር መርከብ ላይ ነበርኩ፣ በቶርፔዶ ተመታን፣ ባሕር ውስጥ ገባን፣ ሻርክ ፈጀን ይላል።

ክዊንት የፈጠራ ሰው ነው። መርከቧ ግን ነበረች፤ ሰዎቹም ነበሩ። ፊልሙ ቀኑን አሳስቶ ጁን አድርጎታል፤ መርከቧ የሰጠመችው ጁላይ 30 ቀን 1945 ነው። ለፊልም ይህ ይቅር ይባላል። የመርከቧ ካፒቴን ስም ግን በፊልሙ ውስጥ ጭራሽ አይነሳም። እኔም ለብዙ ዓመታት ሻርኩን እንጂ ካፒቴኑን አላውቀውም ነበር። ታሪኩን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ ከሻርክ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ሆኗል። ጠረጴዛ! አዎ፣ የቢሮ ጠረጴዛ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ኢንዲያናፖሊስ ክሩዘር ከሚባሉት ትልልቅ የጦር መርከቦች አንዷ ነበረች። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ይወዷት ነበር፤ በ1936 ወደ ደቡብ አሜሪካ የተጓዙት በእሷ ነው። (የእኛ ንጉሠ ነገሥት በፌብሩዋሪ 1945 ግብፅ ውስጥ፣ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ ከሩዝቬልት ጋር የተገናኙባት ኩዊንሲም ከባድ ክሩዘር ነበረች። ጃንሆይ የረገጡት እንዲህ ያለውን የመርከብ ወለል ነው።) የኢንዲያናፖሊስ አዛዥ ካፒቴን ቻርልስ ማክቬይ ይባላል። የአድሚራል ልጅ ነው፤ ራሱም በጀግንነት ኒሻን የተሸለመ። በማርች 1945 ኦኪናዋ አካባቢ አንድ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን መርከቧ ላይ ተከሰከሰ፤ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ማክቬይ የቆሰለች መርከቡን በራሷ ሞተር ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጦ ካሊፎርኒያ ድረስ አመጣት።

እዚያ ተጠገነች፤ ከዚያም ማንም ያልተነገረው ጭነት ተጫነባት። ካፒቴኑ ራሱ ምን እንደያዘ አያውቅም። አድርስ ተባለ፣ አደረሰ። ከሳን ፍራንሲስኮ ጁላይ 16 ተነሥቶ ጁላይ 26 ቲኒያን ደሴት ላይ አራገፈ። ጭነቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሂሮሺማ ላይ የተጣለው የአቶሚክ ቦምብ ዋና ዋና ክፍሎች ነበሩ። ስለ ቦምቡ የሚባለው ብዙ ነው፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው የዚያን ጦርነት ከባዱን ምስጢር በአደራ የተሰጠው ሰው ነበር። በዲሴምበር ወር ግን ተከሳሽ ሆኖ ዋሽንግተን ቆመ።

ከቲኒያን ወደ ጉዋም ሄደ። ከጉዋም ደግሞ ፊሊፒንስ ውስጥ ወዳለችው ሌይቴ እንዲሄድ ታዘዘ። ኢንዲያናፖሊስ በውኃ ውስጥ ያለ ሰርጓጅ መርከብ የምታዳምጥበት መሣሪያ አልነበራትም። እንዲህ ያሉ መርከቦች ብዙ ጊዜ የሚሄዱት በዲስትሮየር ታጅበው ነው። ማክቬይም አጃቢ ጠየቀ። አያስፈልግም ተባለ።

አያስፈልግም ያሉት የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። የአሜሪካ የስለላ ክፍል የጃፓኖችን የምስጢር መልእክት ሰብሮ ያነብ ስለነበር፣ አራት ሰርጓጅ መርከቦች ወደዚያ አካባቢ መውጣታቸውን ደርሶበታል። አንዷ አይ-58 ናት። ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ጁላይ 24፣ አንደርሂል የምትባል የአሜሪካ አጃቢ መርከብ ከፊሊፒንስ ብዙም በማይርቅ ባሕር ላይ ከጃፓን ሰርጓጅ በተለቀቀ መሣሪያ ተመትታ ከመቶ በላይ ሰው አልቋል። ይህን ሁሉ ለማክቬይ የነገረው የለም። በእጁ የተሰጠው ወረቀት እዚህም እዚያም ታዩ ስለተባሉ፣ ስላልተረጋገጡ ሰርጓጆች የሚያወራ የተለመደ ወረቀት ነው። ምስጢሩን የነገርነው እንደሆነ ጃፓኖች መልእክታቸው መነበቡን ያውቃሉ ነው ምክንያቱ። ይሁን፣ ጦርነት ነው፤ ምስጢር ይጠበቃል። ግን እኮ ምንጩን ሳይገልጹ «በዚህ መንገድ አትሂድ» ማለት ይቻላል! «አጃቢ ውሰድ» ማለትም ይቻላል።

ጁላይ 29 እሑድ ነበር። መርከቧ ቀኑን ዚግዛግ ስትሄድ ዋለች። ዚግዛግ ማለት ሰርጓጅ በቀላሉ እንዳያነጣጥርባት ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ መጓዝ ነው። የማክቬይ ትእዛዝ ዚግዛግን በራስህ ግምት አድርግ የሚል ነው። ማታ ሰማዩ ደመና ሆነ፣ ጨለመ። ዚግዛጉ ይቁም፣ አየሩ ቢለወጥ ቀስቅሱኝ ብሎ ተኛ።

እኩለ ሌሊት ገደማ አይ-58 ወደ ላይ ብቅ ስትል ጨረቃ በደመናው ቀዳዳ ወጣች። አዛዡ ሞቺትሱራ ሃሺሞቶ ከአድማሱ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አየ። ጠለቀ፣ ጠበቀ፣ ስድስት ቶርፔዶ ለቀቀ። ሁለቱ መቱ። የመጀመሪያው የመርከቧን አፍንጫ ገነጠለው። ኤሌክትሪክ ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያው ሞተ፤ «መርከቧን ልቀቁ» የሚለው ትእዛዝ ከአፍ ወደ አፍ ነበር የተላለፈው። በ12 ደቂቃ ውስጥ 186 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ ገልብጣ ገባች።

ከ1,195 ሰው ሦስት መቶ የሚሆነው አብሯት ወረደ። ወደ ዘጠኝ መቶ የሚጠጋው ውኃ ውስጥ ቀረ። ጀልባ ለማውረድ ጊዜ አልነበረም። ጥቂት ታንኳ መሳይ መንሳፈፊያዎች፣ መረቦች፣ ጃኬቶች፣ በቃ። ቀን ፀሐይ ታቃጥላቸዋለች፣ ሌሊት ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል። የመርከቧ ነዳጅ ዓይናቸውን አሳውሮታል። ሻርኮችም መጡ፤ ፊልሙ ያልዋሸው እዚህ ላይ ነው። ከሻርክ ያላነሰ የፈጀው ግን ጥሙ ነው። ውኃ ውስጥ ሆኖ በውኃ ጥም ማበድ! ጨዋማውን የጠጣ አእምሮውን ይስታል። መርከቧ ከሥራችን ናት፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለ እያሉ ጠልቀው የቀሩ አሉ። ጓደኛቸውን ጃፓን መስሏቸው የታገሉም አሉ።

አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን። ሦስት ቀን። የመጣ የለም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ኢንዲያናፖሊስ ሌይቴ መድረስ የነበረባት ጁላይ 31 ማክሰኞ ጠዋት ነው። አልደረሰችም። ሌይቴ ወደብ ላይ የመርከቦችን መግቢያና መውጫ የሚከታተል ቢሮ አለ፤ ሰሌዳ አለው፤ ሰሌዳው ላይ የመርከቧ ስም አለ። ታዲያ ምን ተደረገ? የመድረሻዋ ሰዓት ሲያልፍ ደርሳለች ተብሎ ተወሰደ! እቀልድ እንዳይመስላችሁ። የጦር መርከቦች መድረሳቸውን ሪፖርት ማድረግ አያስፈልግም የሚል መመሪያ ነበር፤ የሬዲዮ ግንኙነት እንዳይበዛ ታስቦ የወጣ። ቢሮዎቹ መመሪያውን ሲተረጉሙት፣ መድረሳቸው ሪፖርት የማይደረግ ከሆነ አለመድረሳቸውም ሪፖርት አይደረግም አሉ። ጉዋም ያለውም ቢሮ እንዲሁ ስሟን ከሰሌዳው አነሣ። በሁለቱም ወረቀት ላይ መርከቧ ወደብ ገብታ መልህቋን ጥላለች። ሰዎቹ ግን እየዋኙ ነው።

ሌላም አለ። ሌይቴ አካባቢ ላለው፣ መርከቧ ለሥልጠና ለምትቀላቀለው አዛዥ ስለ መምጣቷ ቴሌግራም ተልኮለት ነበር። ቢሮው ሲደርስ መልእክቱ ተበላሽቶ ተነበበ፤ የተላከው ለእሱ መሆኑ አልታወቀም። ድገሙልን ያለ የለም። የበላይ አዛዡ ደግሞ እንደምትመጣ እንጂ መቼ እንደምትመጣ የሚነግረው ወረቀት አልደረሰውም። አንዱ ቀኑን ያውቃል፣ እሱን ግን አይመለከተውም። ሌላውን ይመለከተዋል፣ ቀኑን ግን አያውቅም።

ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መራራ ፈገግታ።

ያዳናቸውስ ማን ነው? አጋጣሚ። ኦገስት 2 ቀን፣ ዊልበር ግዊን የሚባል አንድ ወጣት አብራሪ በመደበኛ ቅኝት ላይ ሳለ የአውሮፕላኑ አንቴና አስቸገረው። እሱን ለማስተካከል ወደ ታች ሲያይ ባሕሩ ላይ የተነጠፈ ዘይት ታየው። የጠላት ሰርጓጅ መስሎት ቦምብ ሊጥል ዝቅ አለ። ዘይቱ መሀል የሰው ጭንቅላት አየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልብ በሉ። በባሕር ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን የተላከው ኤድሪያን ማርክስ፣ ክፍት ባሕር ላይ ማረፍ ክልክል ሆኖ ሳለ፣ ሰው በሻርክ ሲወሰድ አይቶ ትእዛዙን ጥሶ አረፈ። 56 ሰው አወጣ፤ ውስጡ ሲሞላበት ክንፉ ላይ አሰራቸው። የዶይል መርከብ አዛዥ ግራሃም ክሌይተር ደግሞ ማንም ሳያዘው አቅጣጫውን ቀይሮ እየከነፈ መጣ። ሌሊት ሲቃረብ በጦርነት ጊዜ የማይደረገውን አደረገ፤ ትልቁን መብራት ወደ ሰማይ አበራው። ባሕሩ ውስጥ ያሉት መብራቱን ሲያዩ ትንሽ እንዲጸኑ ነው።

መመሪያ ያከበሩት ቢሮዎች ሰዎቹን ረሷቸው። መመሪያ የጣሱት ሁለቱ አዳኗቸው። 316 ሰው ተረፈ፤ 879 ሞተ። ካፒቴኑ ከተረፉት አንዱ ነበር። አንዳንዴ ሳስበው ጥፋቱ ይሄ ይመስለኛል፤ መትረፉ። ሰጥሞ ቢሆን ኖሮ በስሙ መርከብ ይሰይሙለት ነበር።

የባሕር ኃይሉ ዜናውን መቼ ይፋ ያደረገው ይመስላችኋል? የጃፓን እጅ መስጠት በተነገረበት ቀን! ከተማው በደስታ ሲጨፍር፣ በጋዜጣው ጥግ ላይ። የሟች ወላጆች ግን ጋዜጣውን ጥጉ ድረስ ያነባሉ። ልጄ ለምን አራት ቀን ተኩል ውኃ ውስጥ ቆየ ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ሰሌዳው ላይ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ደግሞ ባለ ብዙ ኮከብ ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

የፓስፊኩ ጦር የበላይ አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ ማክቬይ መከሰስ የለበትም፣ የተግሣጽ ደብዳቤ ይበቃዋል ብሎ ነበር። መርከቧን ባንዲራው አድርጎ የተጓዘባት አድሚራል ስፕሩዋንስም ክሱን ተቃውሟል። ዋሽንግተን የተቀመጠው የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ አድሚራል ኪንግ ግን ይከሰስ አለ፤ ሚኒስትሩ ፎረስታል ተስማማ። ዲሴምበር 3 ችሎቱ ተሰየመ። ተከሳሹ ክሱን በዝርዝር ያወቀው ከጥቂት ቀናት በፊት ነው፤ የተሰጠው ጠበቃም በችሎት ልምድ ያልነበረው መኮንን ነው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።

ክሱስ ምን ይላል? እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ የነገሩ ሁሉ ብልሃት እዚህ ነውና። ለምን 879 ሰው ሞተ አይልም። ለምን አልተፈለጉም አይልም። አንደኛ፣ ዚግዛግ ባለመሄዱ መርከቧን ለአደጋ አጋልጧል። ሁለተኛ፣ መርከቧን ልቀቁ የሚለውን ትእዛዝ በጊዜ አልሰጠም። በሁለተኛው ነፃ ወጣ። በአንደኛው ዲሴምበር 19 ቀን ጥፋተኛ ተባለ።

ዚግዛግ ባለመሄዱ! ዚግዛግ አለመሄዱ እውነት ነው፤ እሱም አልካደም። ክሱን ያማረ ያደረገው ይሄ ነው፤ ሐሰት የለበትም። ከእውነቱ ውስጥ ትንሿን፣ ለማስረዳት የምትቀለውን፣ ማንንም ሌላ የማትነካውን እውነት መርጦ ማውጣት ነው እንጂ።

አንድ የማውቃቸው ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጣሪያው እንደሚያፈስ ሦስት ክረምት በደብዳቤ አመለከቱ። በሦስተኛው ክረምት ዝናቡ ገብቶ ዕቃውን አበላሸው። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ጣሪያውን ቀና ብሎ አላየም። ካርቶኖቹ ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ መደርደር ሲገባቸው ወለል ላይ ተደርድረው ተገኝተዋል ብሎ ጻፈ። ወለል ላይ ነበሩ፤ እውነት ነው። ጋሼ እንጨት እንዲገዛላቸው የጻፉት ደብዳቤ እዚያው ፋይል ውስጥ ነበር። ደመወዛቸው ተቆረጠ። ጣሪያው እስከ ቀጣዩ ክረምት እንዳፈሰሰ ነበር። የማክቬይን ታሪክ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ወደ ችሎቱ ልመለስ። ከሳሾቹ አንድ ጉድ አመጡ። ጦርነቱ ካበቃ ገና አራት ወር አልሞላውም፤ መርከቧን ያሰጠመውን ሃሺሞቶን ከጃፓን አምጥተው ዋሽንግተን ለምስክርነት አቆሙት። የገዛ መኮንናቸውን ለማስፈረድ የጠላት መኮንን! እሱ ግን የጠበቁትን አልሰጣቸውም። ዚግዛግ ብትሄድም ባትሄድም ቶርፔዶ መልቀቄ አይቀርም ነበር፣ የሚለወጠው የእኔ አቀማመጥ ብቻ ነው አለ። ከእሱ ሌላ የአሜሪካ ሰርጓጅ አዛዥ የነበረ፣ የጃፓን መርከቦችን ያሰጠመ መኮንንም ቀርቦ ነበር፤ እሱም ዚግዛግ ያን ያህል እንደማያስጥል ተናገረ። በሁለቱም ወገን ሥራው መርከብ ማስጠም የሆነ ሰው አንድ ዓይነት ቃል ሰጠ። ፈራጆቹ ሰሙ፣ ፈረዱ።

በዚያ ጦርነት አሜሪካ ያጣቻቸው የጦር መርከቦች በመቶዎች ይቆጠራሉ። መርከቡን ጠላት ስላሰጠመበት የጦር ፍርድ ቤት የቀረበው ካፒቴን ማክቬይ ብቻ ነው። አንድ! ሌሎቹ ሁሉ ዚግዛግ እየሄዱ ነው የሰጠሙት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ይህን ታሪክ ያነሣሁለት አንድ ወዳጄ፣ በነገር የማይሸነፍ ሰው፣ ተቃወመኝ። የባሕር ሕግ እንዲህ ነው አለ። ካፒቴን የመርከቡ ጌታ ነው፤ ክብሩም የእሱ፣ ዕዳውም የእሱ፤ ተኝቶ ቢሆን፣ ባያይ፣ ባያውቅ፣ ኃላፊነቱ አይወርድለትም። የባሕር ኃይሉም ለሃምሳ ዓመት ሲመልስ የኖረው ይህንኑ ነው። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። አዛዥ ከሥሩ ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂ ይሁን። ግን መሰላል ከሆነ እስከ ላይ ይውጣ! ካፒቴኑ ለመርከቡ ተጠያቂ ከሆነ፣ የወደቡ አዛዥ ለሰሌዳው፣ የስለላው አለቃ ለደበቀው ወሬ፣ ያን መመሪያ ያጸደቀው አድሚራል ለመመሪያው ተጠያቂ ነው። ላላዩትና ላላወቁት ነገር ጭምር፣ ልክ እንደ ካፒቴኑ። ይህ መሰላል ግን ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ተሰበረ። ከቢሮ ሰዎች ለአራት መኮንኖች የተግሣጽና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር፤ በ1946 ማለቂያ ላይ እሱም ተሰረዘ። መመሪያውን ያወጣው ላይ የደረሰ ነገር የለም። ወዳጄ ከዚህ በኋላ ቡናውን ጠጣ።

ደግሞ እኮ ራሳቸው አላመኑበትም። በፌብሩዋሪ 1946 ሚኒስትሩ የማክቬይን ቅጣት አነሣለት። ቅጣቱ የማዕረግ ተራውን ወደ ኋላ የሚጎትት ነበር። ቅጣቱ ተነሣ፤ ጥፋተኛ ነህ የሚለው ቃል ግን አልተነሣም። በ1949 ጡረታ ሲወጣ እንደ ልማዱ የሪር አድሚራልነት ማዕረግ ሰጡት። እኔ እንደሚገባኝ የፈለጉት የእሱን መቀጣት አልነበረም፤ የእሱን ስም ነው የፈለጉት። ወላጆች ለምን ብለው ሲጠይቁ የሚጻፍ አንድ ስም።

ወላጆቹም ስሙን ተቀበሉ። ለዓመታት ደብዳቤ ጻፉለት። በተለይ የገና ሰሞን ይበዛል። ልጃችንን ባትገድለው ኖሮ ዘንድሮ አብሮን በዓል ያከብር ነበር የሚሉ ደብዳቤዎች። እነሱን መውቀስ አይቻልም፤ መንግሥታቸው ወንጀለኛው ይሄ ነው ብሏቸዋል። ማክቬይ አልመለሰላቸውም፤ ሰሌዳውን አሳይቶ እኔ አይደለሁም አላለም። አብረውት ውኃ ውስጥ የነበሩት ግን ሌላ ነበሩ። በ1960 የተረፉት ሰዎች በመርከቧ ስም በምትጠራው ከተማ ሲሰባሰቡ እየፈራ ሄደ። ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ተሰልፈው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት። ከማንም በላይ ሊጠሉት መብት የነበራቸው እነሱ ነበሩ።

ሚስቱ በካንሰር ሞተችበት። ደብዳቤው አልቆመም። በኖቬምበር 1968፣ በሰባ ዓመቱ፣ ኮኔክቲከት ባለው ቤቱ ደጃፍ ላይ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። በእጁ አንዲት ትንሽ የመርከበኛ አሻንጉሊት ተገኘች፤ በልጅነቱ የተሰጠችው ናት ይባላል። የሟቾቹ ቁጥር 879 ነው ብያለሁ። እኔ 880 ነው የምለው።

ከዚያ በኋላስ? የተረፉት ሰዎች ሠላሳ ዓመት ጮኹ። የሚሰማቸው ጠፋ። በ1996 ፍሎሪዳ ውስጥ ሀንተር ስኮት የተባለ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያንኑ የሻርክ ፊልም አየ። እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ስንጮኽ እሱ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይሄ እውነት ነው? ለትምህርት ቤት የታሪክ ሥራው ከመርከቧ የተረፉትን እየጻፈ እየደወለ አንድ መቶ ሃምሳ ያህሉን አነጋገረ፤ ሰነድ ሰበሰበ። በ1999 ሴኔት ፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀርቦ መሰከረ። የመርማሪ ኮሚቴዎች፣ የጠበቆች፣ የአድሚራሎች አገር ውስጥ ነገሩን ያንቀሳቀሰው የአንድ ልጅ የቤት ሥራ መሆኑን ሳስብ አንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዴ ያሳፍረኛል።

በዚያው ጊዜ ከጃፓን አንድ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ሃሺሞቶ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሺንቶ ካህን ሆኗል፤ አርጅቷል። ለሴኔቱ የጦር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው የጻፈው፤ ይህ ሰው ለምን እንደተከሰሰ ዛሬም አይገባኝም፣ ዚግዛግ ቢሄድም ውጤቱ ያው ነበር አለ። ሁለቱ ሕዝቦች ስለዚያ ጦርነት ይቅር ከተባባሉ፣ እናንተም ካፒቴናችሁን ይቅር የምትሉበት ጊዜ ደርሷል ሲል ጠየቃቸው። እኛ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንላለን። እዚህ የወጋው ነው ያልረሳው። በኦክቶበር 2000 ምክር ቤቱ ማክቬይ በመርከቧ መጥፋት ተጠያቂ አይደለም የሚል ቃል ከመከላከያው ሕግ ጋር አያይዞ አጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኦክቶበር 30 ፈረሙበት። ሃሺሞቶ ኦክቶበር 25 አርፎ ነበር። አምስት ቀን አልጠበቁትም። ማክቬይን ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። በዚህ ደስ ተሰኝተን እንዳንሄድ ደግሞ ወረቀቱን በደንብ እናንብበው። ምክር ቤቱ ያለው ምክር ቤቱ የሚሰማው ስሜት ይህ ነው ነው። በጁላይ 2001 የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ይህ ቃል በማክቬይ ማኅደር ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። የ1945ቱ ፍርድ ግን አልተሻረም። የባሕር ኃይሉ ተሳስቻለሁ ብሎ ፍርዱን አላነሣም። የአድሚራል ኪንግ ስም፣ የዚያ መመሪያ ስም፣ የስለላው ወሬ፣ በዚያ ማኅደር ውስጥ በጥፋት የሚነሣበት ገጽ የለም። ጥፋቱ ከአንድ ሰው ጫንቃ ወረደ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ የሚያነሣው ሳይገኝ እዚያው ቀረ።

በኦገስት 2017 የማይክሮሶፍት መሥራች የነበረው የፖል አለን አሳሾች መርከቧን ከ5,500 ሜትር ጥልቀት ላይ አገኟት። በቀጣዩ ዓመት ለመርከበኞቿ በሙሉ የምክር ቤቱ የወርቅ ሜዳልያ እንዲሰጥ ሕግ ወጣ፤ ካፒቴኑም ከመርከበኞቹ አንዱ ነው። እንግዲህ የአንድ ሰው ማኅደር ነው። አንዱ ወረቀት ጥፋተኛ ይለዋል። ሌላው ጥፋት የለበትም ይላል። አንዱ ሜዳልያ ይገባዋል ይላል። ሦስቱም የመንግሥት ማኅተም አላቸው። ጁላይ 31 ቀን ጠዋት ሌይቴ ላይ ስሟን ከሰሌዳው ያነሣችው እጅ የማን ትእዛዝ ፈጻሚ እንደነበረች የሚናገረው አራተኛው ወረቀት እስከ ዛሬ አልተጻፈም።